ለቪዛ ብዬ ሁለቴ አልዳርም

ቅዳሜ ማለዳ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ

ገና ጎህ ሲቀድ መነኸሪያ ደርሻለሁ። ባጃጆቹ ቀድመውኝ ነቅተዋል፤ ረዳቶቹ "ሶዶ! ሶዶ! ሻሸመኔ!" እያሉ አንዱ የሌላውን ተሳፋሪ ይነጥቃል። በትከሻዬ ቦርሳ፣ በቦርሳው ውስጥ ከጎረቤት የተዋስኩት ካሜራ፣ ለአማቴ የያዝኩት ስኳርና ሳሙና። መንገዴ ተራራው ላይ ወዳለው ኦቾሎ ነው፣ ባለቤቴ ወደተወለደበት መንደር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ታደለ ለትምህርት አውሮፓ ሄዶ ሥራ አገኘና እዚያው ቀረ። እኔ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ልብስ እየሰፋሁ የትዳር ቪዛ እጠብቃለሁ። ማመልከቻ አስገባን። የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጡ ተባልን፣ አውጥተን አስተርጉመን ሰጠን። የጤና ምርመራ ተባልኩ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ደሜን ሰጠሁ፣ ሳንባዬን ራጅ ተነሳሁ። አሁን የቀረው የማክሰኞው የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ነው። ለእሱ ደግሞ "የሠርጋችሁን ፎቶ ይዘሽ ቅረቢ" ብለውኛል። ፎቶ የለንም። ኦቾሎ ስንጋባ ከሲቀላ የጠራነው ፎቶ አንሺ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦበት ከተራራው ሥር ካለችው ላንቴ ተመለሰ። ጥፋታችን ይኸው ነው።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጉዳይ አስፈጻሚው ሀብታሙ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ መጣ። የሲቀላን የቪዛ ጉዳይ ሁሉ በእጄ አለ የሚል ሰው ነው።

"እህቴ፣ ቬሎው ተዘጋጅቷል። ዛሬ ስቱዲዮ ገብተሽ አንዴ ትነሺና አለቀ።"

"ሙሽራውስ? እሱ እኮ አውሮፓ ነው።"

"እሱን ለኮምፒውተር ተይው። አንድ ሱፍ የለበሰ ልጅ ከጎንሽ እናቆማለን፣ ጭንቅላቱን አንስተን የታደለን እንተካለን።"

"የሌላ ሰው ትከሻ ይዤ?"

"ጭንቅላቱ የራሱ ነው አይደል?" አለኝ፣ ደንቆት።

ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ። ያገባሁትን ሰው ከአንገት በላይ ብቻ እንዳላገባሁት ነግሬው ገብቼ ተቀመጥኩ።

ላንቴ

መንገዱ በሙዝ እርሻ መሃል ያልፋል። ሙዙ በአረንጓዴነቱ ተቆርጦ፣ በየዳሩ ተቆልሎ፣ የጭነት መኪና ይጠብቃል። በቀኝ በኩል የአባያ ሐይቅ ቀይ ቡኒ ውሃውን ዘርግቶ ተኝቷል። ሹፌሩ አቶ ጌታሁን ጉዳዬን ከረዳቱ ሰምተው ኖሮ በመስታወት እያዩኝ ጀመሩ።

"ልጄ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የእኔ የእህት ልጅ እንኳ በሰው ቬሎ ነው የሄደችው።"

"ደርሳ ምን ትላለች?"

"ምን ትላለች፣ ደህና ነኝ ትላለች። ፎቶውን ግን ግድግዳ ላይ አትሰቅለውም።"

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው ሳቁ። ላንቴ ላይ ወርጄ ወደ ተራራው የሚወጣ አይሱዙ ላይ ከጨው ከረጢትና ከሁለት ፍየሎች ጋር ተጫንኩ። ፍየሎቹ ከሀብታሙ ይልቅ ጨዋዎች ነበሩ።

ኦቾሎ፣ ገበያ

ዳገቱ ሲያልቅ ብርዱ ይጀምራል። በየቤቱ ደጃፍ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መወርወሪያውን ያመላልሳል። አለት አለቱ ላይ የተንጠለጠለ መንደር ነው፤ ቁልቁል ሲያዩት ሐይቁ እግር ስር ያለ ይመስላል። ታደለ እዚህ ተወልዶ ሜዳ አገር መኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አማቴ እማማ ባሎቴ ገበያው ጫፍ ላይ ገብስ ይሸጣሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

"ልጄ፣ መጣህ? ታደለ ታመመች እንዴ?"

"ደህና ነው እማማ። ፎቶ ላነሳ ነው የመጣሁት።"

ቆጮ በዳጣ አቀረቡልኝና አፌ እየተቃጠለ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቬሎውን በዝምታ ሰሙ። ስለ ልጁ ትከሻ ስነግራቸው ግን ገብሱን ትተው ብድግ አሉ።

"የሰው ልጅ ትከሻ? ጎሜ ነው! ሶፌ አንዴ ነው የሚወጣው! አንተ ወጥተሃል፣ ገበያው አይቷል፣ አለቀ!"

ጎሜ ማለት ተላልፈውት መዘዙ ቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣ ነውር ነው። ሶፌ ደግሞ ሠርጋችን ነው። አዲስ ተጋቢዎች ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው ገበያውን ይዞራሉ፤ ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ይመርቃቸዋል። እኔ በዚያ በዝናብ ቀን ከታደለ ጎን ሆኜ ጭቃውን እየረገጥኩ ዞሬያለሁ። ከጎጃም ለመምህርነት መጥቶ አርባ ምንጭ የቀረው አባቴ በሱፉ ላይ ቡልኮ ደርበውለት፣ በማያውቀው ቋንቋ ሲመርቁት ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ይህንን በኪራይ ቬሎ አልለውጥም።

ካሜራውን አወጣሁ። እማማ ባሎቴ ሠርጋችንን ያዩትን ከገበያው መሃል ጠሩ። ሽንኩርት ሻጯ መጣች፣ የመረቁን ሽማግሌ መጡ፣ አባቴን ቡልኮ ያለበሰው ሸማኔ ከነክሩ መጣ። ማንም ሙሽራ አልመሰለም። እኔም ካሜራውን ለአንድ ልጅ ሰጥቼ፣ የአዘቦት ቀሚሴን እንደለበስኩ መሃላቸው ቆምኩ።

ልክ ስንጨርስ ታደለ ደወለ።

"ሀብታሙ ደውሎ እምቢ አለች አለኝ። ለምን?"

"ስላልፈለግኩ።"

ድምፁ ወረደ። "ስሚኝ፤ እኔን ባለፈው እዚህ ያለው የቪዛ ቢሮ በስልክ ጠይቆኛል። ሠርጋችን አርባ ምንጭ ሆቴል ውስጥ ነው፣ ቬሎ ለብሳለች ብያለሁ። ፎቶው ከሌለ ውሸታም እሆናለሁ። ቪዛውን ከልክለውን እንደተለያየን እንቀራለን፣ ገባሽ?"

ለካ ፎቶው የተፈለገው ለኤምባሲው ብቻ አልነበረም። እንዲህ የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። "ለምን?" አልኩት።

"ገበያ ዞረን ተጋባን ብል ምን ይሉኛል? አፈርኩ።"

እናቱ ከጎኔ ቆመው ሰምተዋል። ስልኩን ተቀበሉኝና በጋሞኛ ረጅም ነገር ተናገሩት። ሲመልሱልኝ ምን እንዳሉት ጠየቅኳቸው።

"ስድብ ነው። አማርኛ የለውም" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

እሁድ ታጥቦ የደረሰልኝን ፎቶ ይዤ ሰኞ በአውቶቡስ መጣሁ። ሶዶ ላይ ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍና አቧራ። መንገዱን ሙሉ ሁለት መልስ እለማመድ ነበር፤ አንዱ የታደለን ውሸት የሚሸፍን፣ ሌላው እውነቱ። የመጀመሪያው ይቀልለኛል። ከባሌ ጋር የሚያኖረኝም እሱ ይመስላል። ኤምባሲው በር ላይ ግን ሰልፉ ውስጥ ያለው ሁሉ አልበም ታቅፏል፤ አንዷ የራሷን ገልጣ "የዚህች ሚዜዬ ስሟ ማን ነበር?" እያለች ከወረቀት ታጠናለች። ያኔ ቆረጥኩ።

ከመስታወቱ ጀርባ ነጭ ሴትዮና ወጣት አስተርጓሚ ተቀምጠዋል።

"ባለቤትዎ ሠርጉ ሆቴል ውስጥ ነበር ብለዋል። እርስዎስ?"

"ዋሽቷል።"

አስተርጓሚው ብዕሩን አቆመ። "እንደዚሁ ልበልልዎት?"

"እንደዚሁ ይበሉልኝ። የተጋባነው ኦቾሎ ገበያ ላይ ነው። አፍሮ ነው የዋሸው። እኔ አላፍርም።"

ሴትዮዋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። እነዚህ የሠርግ ፎቶ አይደሉም አለች።

"አይደሉም። ሠርጉን ያዩት ሰዎች ናቸው። ካላመናችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ናቸው፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።"

ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። የሁለታችሁ ቃል መለያየቱ ከባድ ነው፣ ባለቤትዎ ቃላቸውን ራሳቸው ካላስተካከሉ ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል ብላ ጨረሰች። ፎቶዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ። መዋሸት እችል ነበር። ግን ለእነሱ ስል ከጭቃው ላይ ወጥቼ ሆቴል ብገባ፣ እዚያ በረዶ አገር ከታደለ ጋር የምኖረው የትኛዋ ሚስት ሆኜ ነው?

ረቡዕ፣ መመለሻ

አውቶቡሱ ሲቀላ ሲገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሙቀቱ ፊቴን ሲነካው ቤቴ የገባሁ ያህል ደስ አለኝ። ባጃጆቹ ከበቡኝ፣ ሀብታሙም ከሩቅ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ ስልኬ ጠራ።

"ምን አልሻቸው?" ታደለ ነው።

"እውነቱን።"

"አበላሸሽው በቃ!"

"ያበላሸኸውን ነው ያቃናሁት። ቀሪው ያንተ ነው። ደውለህ ዋሽቼ ነበር፣ የተጋባነው እናቴ ገብስ የምትሸጥበት ገበያ ላይ ነው በላቸው።"

"ቢከለክሉሽስ?"

"ቢከለክሉኝም ባሌ ነህ። ቪዛ የሚያስፈልገው እኔ ወደ አንተ ስመጣ ነው። አንተ ወደ እኔ ለመምጣት ማንንም አታስፈቅድም።"

ቦርሳዬን አንዱ ባጃጅ ላይ ጫንኩ። 

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "ነገ ጠዋት እደውላለሁ።"

"እዚያ ገና ቀን ነው፣ ቢሮው አልተዘጋም" አልኩት። "አሁን ደውል።"