ስሙ ያልተጠራው መምህር

ወንድሜ ኒሩፓም ግትር ነው። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ፣ በመላ ካልካታ እሱን ለመስደብ ሙሉ መብት ያለኝ እኔ ነኝ። አባታችን ጊታር የገዛለት የፊልም ዘፈን እንዲጫወትበት ነበር። እሱ ግን ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ክሮቹ ላይ የብረት ዘንግ እያንሸራተተ፣ ራጋ የሚባለውን የጥንት ዜማችንን እንደ ሰው ካላዘፈንኩት ብሎ ሙጭጭ አለ።

መምህርም መረጠ፤ ያውም የኔታ ባግቺን። የኔታ የሰፈራችን አንጋፋ ድምፃዊ ናቸው፤ ቁጣቸውም ከድምፃቸው እኩል የታወቀ ነው። ጊታሩን ገና ሲያዩት፣

«ይህን የሲኒማ ሳጥን ከፊቴ አንሳ! ለመዝፈን ጉሮሮ አለህ አይደል?» አሉት።

«የኔታ፣ ጉሮሮዬ የቁራ ነው» አላቸው።

ሳቁ። መሳቃቸው በጀው፤ ጥግ ይዞ እንዲያዳምጥ ፈቀዱለት። ነገር ግን መምህር ለደቀ መዝሙሩ እጁ ላይ የሚያስርለት ቀይ ክር አለ፤ እሱን አላሰሩለትም። ክሩን ያላገኘ ሰው ደግሞ መድረክ ላይ «የእገሌ ተማሪ ነኝ» ማለት አይችልም። መምህር የሌለውን ሙዚቀኛ እኛ ዘንድ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ቀን የትራም መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ከሥራ በኋላ የኔታ ቤት ጥግ። እሳቸው ሲዘፍኑ የሰማውን ቤት መጥቶ በብረቱ ይፈልገዋል። አንዷን ድምፅ ሳይቆርጥ ከሌላዋ ጋር ለማገናኘት ሳምንት ይፈጅበታል። እኔም የሰናፍጭ ዓሣ ወጥ እያቀረብኩ፣ «ተው በቃ፣ ሰውዬው ልባቸው ድንጋይ ነው» እለዋለሁ።

«እትዬ፣ አንቺ ዓሣሽን ጥበሺ» ይለኛል። ወጥ መሆኑ እንኳ አይታየውም።

ባለፈው ጥር የሰፈሩ ማኅበር ድንኳን ተክሎ ለከሰዓት ዝግጅት ጋበዘው። የኔታ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። እኛ ዘንድ ራጋ ሁሉ የራሱ ሰዓት አለው፤ ኒሩፓም የከሰዓቱን ተጫወተ። ብረቱ ሲንሸራተት ዓይኔን ብጨፍን የኔታ የሚዘፍኑ መሰለኝ። እንዳበቃ አስተዋዋቂው፣ ያ ምንም የማያውቅ ለፍላፊ፣ ማይክሮፎኑን ደቅኖ፣

«ለመሆኑ የማን ተማሪ ነዎት?» አለው።

ወንድሜ ስም ሊጠራ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እጁ ግን ሄዶ ጆሮውን ያዘ። እኛ የመምህራችንን ስም ስንጠራ ለክብሩ ጆሯችንን እንነካለን፤ ስሙን በልቡ ሲጠራ የለመደች እጁ አሳጣችው። ድንኳን ሙሉ ሰው አየው፤ አንዳንዱም ሳቀ። ኒሩፓም እጁን ቶሎ አወረደ።

የኔታ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«አንተ! ጆሮህን ነክተህ ስሜን የምትውጠው ምን ሆነህ ነው? ታፍርብኛለህ?»

«ኧረ የኔታ! ክሩን... ክሩን አላሰሩልኝም እኮ።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ክሩ ነገ ይታሰርልሃል። አሁን ስሜን ጥራ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ኒሩፓም እንደገና ጆሮውን ነካ። «ሃሪፓዳ ባግቺ» አለ፣ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብሎ። እፎይ! አጠገቤ የተቀመጠችውን የማላውቃትን ሴት አቅፌ አለቀስኩ።

«ከፍ አድርገህ!» አሉት የኔታ። በደንብ ሰምተዋል፤ ደግመው መስማት ፈልገው ነው።