«ይያዙ» ያልንበት ምርመራ

በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአንድ ዓመት የኤም.አር.አይ. ሥልጠና ስመደብ በፍኖተ ሰላም የራጅ ባለሙያ ነበርኩ። የተመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቡሬ ላይ ሥራ ከጀመርኩበት ዕለት አንሥቶ የያዝኩት የሥራ መዝገብ አንድም ቀን ያልተዘለለበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከእኔ ቀድመው የታጩት ሁለት ባልደረቦች ተመልሶ የማገልገል ግዴታውን አንፈርምም ማለታቸው ነው። እኔ ፈረምኩ። ተመልሼ የምሠራበት ማሽን ግን በፍኖተ ሰላምም ሆነ በአካባቢዋ አልነበረም፤ ይመጣል ይባል ነበር እንጂ። የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነው ጓደኛዬ እስከ መናኸሪያ ሸኝቶኝ፣ «በቅሎዋ ሳትገዛ ልጓሙን ልታመጣ ሄድህ» አለኝ።

«ልጓሙ ከመጣ በቅሎዋ አትቀርም» ብዬ መለስኩለት። በዚያን ጊዜ አምንበት ነበር።

የሠለጠንኩበትን ሆስፒታል ስም አላነሣም። በአንድ ትልቅ ከተማ የሚገኝ፣ ወረፋው ከበር አልፎ እስከ ጎዳና የሚደርስ ሆስፒታል ነው። አስተማሪዬ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነበረች፤ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ በዕውቀቷ ግን የተገዛሁላት ሰው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ደግሞ ፈጣንና ሰው አክባሪ ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ከራጅ ጋር የኖርኩ ሰው ከሁለቱ ኋላ ወንበር ስቤ እጽፍ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ የሆድ ዕቃ ምርመራ ነው። ራስና አከርካሪ ታካሚው ጸጥ ብሎ ከተኛ አይንቀሳቀሱም። ጉበት ግን ሰው በተነፈሰ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ምስሉም እንደ ተነካ እርጥብ ቀለም ይበላሻል። ስለዚህ ታካሚው በዚያ ዋሻ በመሰለ ማሽን ውስጥ ተጋድሞ አየር ከሳበ በኋላ ማስወጣት፣ ካስወጣም በኋላ ለሃያ ሰከንድ ያህል ሳይተነፍስ መቆየት አለበት። ምስሉ የሚነሣው በዚያች ጊዜ ብቻ ነው። የሐሞት ቱቦን የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ ፈሳሽ ያለበትን ሁሉ ነጭ፣ ሌላውን ጥቁር ያደርጋል። በራሴ እጅ ያዘጋጀሁትን የመጀመሪያ ንጹሕ ምስል ሳይ፣ ከደምበጫ በላይ ካለ ኮረብታ ላይ ሆኜ የተምጫን ወንዝ የማይ መሰለኝ። ጅረቶቹ ከግራና ከቀኝ እየተገናኙ ወርደው አንድ ወንዝ ይሆናሉ። ሐኪሟ አየችና «ይኼ የማን ሥራ ነው?» አለች። መልሱን ስታውቅም «ጋሼ፣ ይኼን ለማስተማሪያ እናስቀምጠዋለን» አለችኝ። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ስልክ ደውዬ ነገርኳት።

ሽማግሌው የመጡት በሰኔ መጀመሪያ ነው። ከፈረስ ቤት ከተማ በእግር ግማሽ ቀን የሚርቅ መንደር ገበሬ ነበሩ። ዓይናቸው እንደ አደይ ቢጫ ሆኗል፤ የሚያሳክካቸውን ገላ በጋቢያቸው ጫፍ ይፈትጉታል። ደግፋ ያመጣቻቸው ሴት ልጃቸው ናት። የተላኩበት ጥያቄ አጭር ነበር፤ ቱቦውን የዘጋው ጠጠር ነው ወይስ ዕጢ? ጠጠር ከሆነ ይወጣል። ዕጢ ከሆነ፣ በዚያ ዕድሜና በዚያ አቅም፣ ወደ ቤት መመለስ ነበር ትርጉሙ።

አነጋገሬን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ።

«የየት አገር ሰው ነህ አንተ?»

«ትውልዴ ቡሬ፣ ሥራዬ ፍኖተ ሰላም ነው፣ አባቴ።»

«እዚህ ጉድጓድ አፍ ምን ትሠራለህ ታዲያ?»

«ትምህርት ላይ ነኝ።»

«በዚህ ሽበት?» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔስ የታመምኩ ሆዴን ነው፤ ይኼን ሰውዬ ምን ነካው?»

ልጅቱ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ወደ ማሽኑ ሲገቡ ደረታቸውና ሆዳቸው ላይ ምስል መቀበያውን አሰርንላቸው፤ ከዚያም ወጥተን በሩን ዘጋን።

ጠዋት መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ሥራው ሁለት ሰዓት ዘግይቷል። ባለሙያው በማይክሮፎኑ፣ በተለመደው አክብሮት፣ «አየር ይሳቡ… ያስወጡ… ይያዙ። እንዳይለቁ» አላቸው። እኔ በመስታወቱ አሻግሬ እመለከት ነበር። ሽማግሌው የአልጋውን ግራና ቀኝ ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ፈርተው ነው አልኩ። ማሽኑ ጮኾ ሲያበቃ ባለሙያው «ይልቀቁ» አለ። እጆቻቸው ተከፈቱ።

ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው፣ «እንዳይለቁ» ሲባሉ፣ የክንዳቸው ሥር ተገታትሮ አየሁ፤ ሆዳቸው ግን በትግሉ ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል። «ይልቀቁ» ሲባሉ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተዘረጉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያልነው ትንፋሽን ነው፤ ግን «ትንፋሽ» የሚለውን ቃል አልጠራንም። ዕድሜ ልኩን እርፍ ሲጨብጥ፣ የሚያመልጥ ወይፈን ሲያቆም ለኖረ ሰው፣ ያዝ ሲሉት የሚይዘው በእጁ ነው።

«የገባቸው አይመስለኝም፤ ገብቼ ልንገራቸው?» አልኩ።

«ሽማግሌ ሲሆኑ እንዲህ ነው፣ ጋሼ» አለ ባለሙያው፣ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሣ። «ይበቃል። አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል።»

እኔ ሠልጣኝ ነበርኩ። ሃያ ዓመት የመንግሥት ሥራ፣ ተራህን ጠብቀህ ተናገር የሚል ትምህርት ነው። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን በወቅቱ በማስታወሻዬ አልጻፍኩትም።

በሪፖርቱ ላይ ቱቦው መካከል ላይ ተቆርጦ እንደሚታይ፣ ዕጢም እንደሚያጠራጥር፣ የምስሉ ጥራት መካከለኛ እንደ ሆነ ተጻፈ። የላካቸው ሐኪምም ወደ አገራቸው ይመለሱ አለ። ልጅቱ ፖስታውን በሁለት እጇ ተቀብላኝ፣ «ምን ይላል?» አለችኝ። «ሐኪሙ ይነግርሻል» አልኳት።

በነሐሴ፣ የማጠቃለያ ፈተና ሳነብ፣ ታካሚ ሲተነፍስ የተነሣ ምስል ጤነኛን ቱቦ እንደ ተቆረጠ አስመስሎ ሊያሳይ እንደሚችል የሚገልጽ ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። መጽሐፉን ዘግቼ የሽማግሌውን ፋይል አስወጣሁ። በምስሉ ላይ የጉበቱ ጠርዝ ሦስት ጊዜ ተደራርቧል። ለሐኪሟ አሳየኋት፤ የእጆቹንም ነገር ነገርኳት። ምስሉን አጉልታ ደግማ ተመለከተችው።

«ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም?»

 መልሴን ሳትጠብቅ፣ «ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ይመለሱና ያለ ወረፋ እንደግምላቸዋለን» ብላ የድጋሚ ምርመራ ማዘዣ ወረቀት ጻፈችልኝ።

ስልክ ስላልነበራቸው በመስቀል ዕረፍት ራሴ ሄድኩ። በደምበጫ በኩል ወደ ፈረስ ቤት በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር፤ ዝናቡ ገና አልወጣም ነበር። ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ከስተዋል፣ ቢጫነቱም ወደ አረንጓዴ ጠቁሯል። አወቁኝ።

«ተማሪው መጣ» አሉ ለልጃቸው። «ትምህርቱን ጨረስህ?»

«አልጨረስኩም፣ አባቴ። በእኛ ስሕተት ምርመራው ተበላሽቷል። ይድገሙት ልልዎት ነው የመጣሁ።» ነገሩን እንዳለ አስረዳኋቸው፤ ይያዙ ያልናቸው ትንፋሻቸውን እንደ ነበረ። ሰሙኝና ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባቸው።

«እኔስ ክንዴ እስኪዝል ያዝኩላችሁ! ትንፋሽማ በምን እጅ ይያዛል?»

«እውነትዎን ነው።»

«እንዲያውም ወጥቼ ለዚህች ልጅ፣ አጥብቄ ይዣለሁ፣ አላሳፈርኩሽም ብያታለሁ።»

ልጅቱ ፊቷን አዞረች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ከጉድጓድስ አንድ ጉድጓድ ነው የቀረኝ፤ ሁለተኛ እዚያ አልገባም ብዬ ነበር» አሉ። ሳልለምናቸው መመለስ አልቻልኩም። ለመንኳቸው። ከእጄ ወረቀቱን ወስደው ከጋቢያቸው ሥር አደረጉት። «ገብሱ ይታጨድ። ገብሱ ሲገባ እመጣለሁ። ይኼን ያህል ዳገት የወጣህ ሰው ባዶህን አትመለስም።»

አነጋገሩን አውቅ ነበር። በአገራችን እንግዳን እንቢ አይሉም፤ ቀን ይሰጡታል። ቢሆንም ተስፋ አደረግሁ፤ እዚያው ደጅ ላይም እጄን በሆዳቸው ላይ አድርጌ አለማመድኳቸው። «ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ያስወጡ። አሁን፣ ይተንፍሱ እስክል፣ አይተንፍሱ።» እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ሆዳቸው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት እንኳ እንደዚያ አጥርቶ ትእዛዝ የፈጸመ ታካሚ አላጋጠመኝም።

ሥልጠናዬን በጥቅምት መጨረሻ ጨርሼ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ራጁ ተመለስኩ። በኅዳር አንድ የገበያ ቀን ልጅቱ ጥቁር ለብሳ ከራጅ ክፍሉ በር ቆመች። ያረፉት ገብሱ ከተወቃ በሳምንቱ ነው አለች። ወረቀቱን መለሰችልኝ፤ በጋቢው ሥር ከርሞ ለስልሷል። ቱቦው በጠጠር ተዘግቶ ይሁን በዕጢ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ማንም ሳያዝዘኝ የሆነውን ሁሉ በሦስት ገጽ ጽፌ፣ የራሴንም ዝምታ ሳላስቀር፣ ለሠለጠንኩበት ሆስፒታል ላክሁ። በማይክሮፎኑ የሚነገረው ቃል እንዲለወጥም አዲሱን አነጋገር በአማርኛ አዘጋጅቼ አያያዝኩ። ከወራት በኋላ መልሱ በመዝገብ ቤታችን በኩል ደረሰኝ። አዲሱ አነጋገር ተቀባይነት አግኝቶ በክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፉን ይገልጻል፤ ለዚህም ምስጋና ቀርቦልኛል። ስለ ምርመራው ግን ኮሚቴው የወሰነው ይህ ነው፤ በባለሙያ በኩል ጥፋት አልተገኘም፤ የምስሉ ጥራት የተጓደለው ታካሚው የተሰጣቸውን ትእዛዝ ባለመፈጸማቸው ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ጥር 23 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው።