እማዬ አልነካም ያለችው ሙዝ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ከባንክ ሥራው ለቆ ሐዋሳ አጠገብ አቮካዶ ሊያለማ መሬት መያዙን ሊነግረኝ ከሚስቱ ጋር መጣ። እሱ ስለ ችግኝና ስለ ውኃ ፓምፕ ሲያወራ ሚስቱ፣ «ጸልዬበታለሁ ይላል» አለች፤ «ይላል» የምትለዋን ትንሽ ጫን አድርጋ። ከሄዱ በኋላ ያቺ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። እናቴም ልክ እንዲሁ ነበር የምትላት።

አባዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። በሽግግሩ ዘመን መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ እኔ አርባ ምንጭ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። እማዬ ጾመች፤ የጸሎት እህቶቿን ሰብስባ ጸለየች። አባዬ ደግሞ አንድ ቀን ምሳ እየበላን ቀና አለና፣ በአባያ ሐይቅ በኩል አጎቱ በተወለት መሬት ላይ ሙዝ ሊተክል መወሰኑን ነገረን።

«ጸልዬበታለሁ» አላት።

«ለእኔ ያልተነገረኝ ላንተ መቼ ተነገረህ?»

አባዬ በማግሥቱ ወደ መሬቱ ወረደ። ቤንዚን ቤንዚን ይል የነበረው ልብሱ ጭቃ ጭቃ ማለት ጀመረ። የመስኖ ውኃ ተራው እሑድ ሲውል ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል። ለስንቁ ኩርኩፋ፣ ያንን የበቆሎ ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር፣ እቋጥርለታለሁ፤ እማዬ ቆማ ታየናለች።

በልጉ በዘገየበት ዓመት ከእማዬ የጸሎት እህቶች አንዷ፣ እህት ታደለች፣ ከገበያ ስትመለስ በራችን ላይ ቆመች። «ባልሽን ሽማግሎቹ ዝናብ በሚለምኑበት ዋርካ ሥር አብሯቸው ቆሞ አየሁት። በግ አርደው ነበር» ብላት ሄደች። ከዚያ ወዲህ እማዬ የሥጋ ጢስ ይኖረው እንደሆነ ኮቱን ሳታሸት አትሰቅለውም።

የመጀመሪያውን የሙዝ ዘለላ በትከሻው ተሸክሞ የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ጓዳ ውስጥ በስሎ ሽታው ቤቱን ሞላው። ወንድሞቼ ይዞሩታል። እማዬ ግን፣ «ምን እንደተባለበት ሳላውቅ እኔም አልነካው፣ ልጆቼም አይቀምሱት» አለች።

«አርደዋል» አለ አባዬ። «ጎረቤቶቼ ስለሆኑ አብሬ ቆምኩ። ሥጋውን ግን አልነካሁም።»

«ማን አየህ?»

«ጌታ አይቶኛል።»

«እሱንማ እጠይቀዋለሁ» አለችና ተነሥታ ወጣች።

በሚቀጥለው እሑድ ነጠላዋን ለብሳ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ፣ «አስቴር፣ ተከተይኝ» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ታጠፈች። እማዬ የሆሳዕና ከተማ ልጅ ናት፤ ሽማግሎቹ የሚናገሩትን ጋሞኛ አትሰማም፤ የባሏን ትርጉም ደግሞ ልታምን ስላልፈለገች አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ነበር። የአባያ ቀይ ውኃ ከግራሮቹ ማዶ ሲታየን ጫማዋን አራግፋ ቀጠለች።

አባዬ ቦይ እየጠረገ ነበር። ሲያየን አካፋውን ተከለና ቆመ። ጎረቤቱ ጋሽ ሻንካ፣ ከዋርካው ሽማግሎች አንዱ፣ አንገታቸው ላይ ጋቢ ጠምጥመው ከማሳቸው ተሻግረው መጡ።

«ባሌ ከበጉ በልቷል ወይ በይልኝ» አለችኝ እማዬ።

ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው አባዬን ገረፍ አድርገው አዩትና ረጅም መልስ ሰጡኝ። እኔም ተረጎምኩ፦ «ብላ ብንለው እንቢ አለ። ዞር ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ብቻውን ሲያንሾካሹክ ነበር። ምን እንዳለ አናውቅም። ዝናቡ ከቀረ ተጠያቂው እሱ ነው።»

እማዬ ወደ አባዬ ዞረች።

«ምን ነበር የጸለይከው?»

«ዝናብ እንዲሰጠን» አለ። «ለእነሱም።»

ድምፁ የደከመ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ አባዬ በቤቱም በማሳውም ተጠርጥሮ፣ በሁለቱም ዘንድ ስለ ራሱ ሳይከራከር ከርሟል።

እማዬ በማሳው መሐል ገብታ፣ እጇን አንዱ ሙዝ ግንድ ላይ ጭና ጮክ ብላ ጸለየች። ጋሽ ሻንካ ጠጋ ብለው፣ «እሷስ ምን እያለች ነው?» አሉኝ በጥርጣሬ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማመናቸው ይሁን አለማመናቸው አልገባኝም። ማታ ቤት ስንገባ እማዬ ሙዙን ገንጥላ መጀመሪያ ራሷ በላች፣ ከዚያ ለወንድሞቼ ሰጠች።

ዝናቡ ውሎ አድሮ መጣ። ሽማግሎቹ በበጉ ነው አሉ፤ የጸሎት እህቶች በጸሎታችን ነው አሉ። አባዬ ቦዩን አስፍቶ ቆፈረ። እኔንም ወንድሞቼንም ከፍሎ ያስተማረን ያ ማሳ ነው።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። እማዬ አሁን ከእኔ ጋር ናት፤ ዓይኗ ደክሟል እንጂ ልቧ እንደ ድሮው ነው። ትናንት፣ «ያን ቀን አባዬን አመንሽው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እሱን አይደለም፣ ሽማግሌውን ነው ያመንኩት» አለችኝ። «ከበጉ አብረው በልተው ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው እንደዚያ አይጠረጥረውም ነበር።»

እንደተለመደው አንድ ቀልድ ቀጥላ የምትስቅ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። ቆየት ብላ፣ «እኔ ነበርኩ ሳልጠይቅ ማመን የነበረብኝ» አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። አባዬ ያንን ቃል ቢሰማ ምን ይል እንደነበር ሳስብ አመሸሁ። ምንም የሚል አይመስለኝም። ለሁላችንም አንድ ላይ ጸልዮ፣ ማንም ሳያምነው ወደ አካፋው የተመለሰ ሰው ነው።