የተፎከረበት ቧንቧ

ይጁቤ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥሁ ሳለ ሻጯ እጄን ያዘችኝ። ለዋጋ መስሎኝ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ምን ደፍረሽ ገበያ ወጣሽ? ልጅሽ ታንክ የሚያቃጥል መሣሪያ አለው እየተባለ!" አለችኝ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሳቅ ነው። "የውሃ ቧንቧ እኮ ነው" አልኋት።

"እኔ ባምንሽ ምን ይረባሻል?" አለችና ስልኳን አወጣች። ልጄ ቧንቧውን በትከሻው አድርጎ ሲፎክር ያሳያል። ከሥሩ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ለቀምሁት፤ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍሁም። "ጀግናው" ይላል። በእህቱ ሠርግ ላይ የነበረው ሳቅ የለም። የማናውቀው ሰው ሳቁን አጥፍቶ የጦርነት ዘፈን ጭኖበታል። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ወደ ቤቴ ገሠገሥሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አናጺ ነው፤ በርና አልጋ ይሠራል። እህቱን ለመዳር ስንሰናዳ የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም መጥቶ ነገር ጫረ። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ወንድሟ በሙሽራው ወገን ፊት መሣሪያ ይዞ ይፎክራል፤ ካልፎከረ ልጅቱ ወገን የላትም ይባላል። የአባቱ ጠመንጃ ደግሞ መሣሪያ ይሰብሰብ በተባለ ጊዜ ተወስዶብናል።

"ታዲያ በሽመል ልትፎክር ነው?" አለው አጎቱ። "እህትህን ነው የምትድር ወይስ በሬ ነው የምትነዳ?"

"ቆይ ጋሼ፣ ከጠመንጃ የበለጠ አመጣለሁ" አለው ልጄ።

ያመጣው ከመንገድ ዳር ነው። ውሃ ይገባላችኋል ተብለን ቧንቧው መጥቶ ውሃው ቀርቷል። ከተጣለው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ቁመቱ ምርኩዝ የሚያህል ቆረጠ። ወታደሮች በመኪና ሲያልፉ በትከሻቸው የሚይዙትን፣ ሲተኮስ እሳቱ በኋላው የሚወጣውን ታንክ መምቻ አስመስሎ ሊሠራ ነው። ለኋላው አፍ የኔን የላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጦ ገጠመበት። "እኔ በምን ውሃ ልቅዳ?" ብዬ ጮህሁበት። መያዣውን ከዋንዛ እንጨት ጠረበ፤ ከበር ሥራ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባው። አጥር ላይ አስደግፎ ሲያደርቀው እኔም ከሩቅ አይቼ ክው ብዬ ነበር። ቀርቤ ባልዲዬን ስለይ ግን ስድቤን ቀጠልሁ። ሰው ሁሉ ባልዲዬን የሚያውቅ መሰለኝ።

ሠርጉ ላይ "ዘራፍ! ውሃ የሌለው ቧንቧ፣ ጥይት የሌለው ወንድ!" እያለ ሲንጎራደድ የሙሽራው ወገን ሳይቀር ሆዱን ይዞ ሳቀ። አጎቱ ዕንባውን ጠረገ። እልልታውን ያቀለጥሁት እኔ ነኝ። ድሃ ሲስቅ ማን ይተወዋል?

ከገበያ ስደርስ ልጄ ምሳር ይዞ ከቧንቧው ፊት ቆሟል። እሱም ሰምቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ፈልጬ አቃጥለዋለሁ፣ እማዬ።"

"ካቃጠልኸው በኋላ ምን ታሳያቸዋለህ? አመድ? 'ደበቀው' ነው የሚሉህ። ምሳሩን አስቀምጥ! ሊያስገድልህ ያለው ራሱ ነው የሚያተርፍህ።"

ግን ወታደሮቹ ዘንድ ይዞት የሚሄድ ማን ነው? ከሩቅ ያየ ይተኩሳል፤ ከሰማይ በድሮን የሚያየውም አለ። ወደ ንስሐ አባታችን ሮጥሁ። ቄሱ ነገሩን አገላብጠው አዩና፣ "እንዳትሸፍኝው፤ የተሸፈነ ነገር ያስፈራል" አሉ። "ባልዲውንና እንጨቱን አንቺ ያዢ። ቧንቧው የኔ ነው።"

"አባ፣ ቢመቱዎትስ?"

"በዚህ ዕድሜዬ ምርኩዝ ነው ብል ማን ይከራከረኛል?"

እውነትም ቧንቧውን እየተመረኮዙ፣ መስቀላቸውን ከፊት አድርገው ሄዱ። እኔ ልጄን ቤት ዘግቼበት ባልዲዬን ይዤ ተከተልሁ።

ወታደሮቹ ከሰፈሩበት ግቢ በር ላይ "ቁሙ!" ተባልን። ቄሱ ቧንቧውን መሬት ላይ አጋደሙት። አዛዡ ወጣ። ስለ ሠርጉ፣ ስለ አጎቱ ስድብ፣ ስለ ባልዲው የምናገረውን አላውቅም፤ ብቻ ለፈለፍሁ። ገጥሜ ላሳየው ብል ባልዲው አልገባ አለኝ።

"አይዞሽ እናት፣ ወዲህ በይው" አለና ራሱ ገጠመው። በትከሻው አድርጎ አፉን ወደኔ አዞረ። ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ሳቀ። "ልጅሽ ጎበዝ ነው። ከሩቅ ባየው ኖሮ ሳልጠይቅ ነበር የምተኩስበት።"

ጎበዝ! በዚህ ዘመን ለልጄ የተሰጠው ምርቃት ይኸ ነው።

"እኔ አምኜሻለሁ" አለ ቀጥሎ። "ስልክ ላይ ያለውን ግን መመለስ አልችልም። ነገ እኔ እሄዳለሁ፣ ሌላ ይመጣል። ልጅሽን ከዚህ አርቂው።" ቧንቧውን አስቀረና ባልዲዬን መለሰልኝ። ቂጥ የሌለው ባልዲ ታቅፌ ተመለስሁ።

በማግስቱ ልጄን ይዤ የደብረ ማርቆስ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መጋዙንና መዶሻውን ትቶ፣ የጀመረውን የሰው አልጋ ሳይጨርስ ወጣ። መንገድ ላይ ለፍተሻ አስወረዱን። አንዱ ወታደር የልጄን ፊት ደጋግሞ አየው።

"ሥራህ?"

"አናጺ ነኝ።"

"እጅህን ዘርጋ።" መዳፉን በጣቱ ዳበሰው። መጅ ነው፤ የመጋዝ ይሁን የጠመንጃ ከመጅ ማን ይለያል? እኔ ግን የማውቃትን ጸሎት ሁሉ እያቀላቀልሁ ነበር።

"ግባ" አለው።

መናኸሪያ ወርደን በባጃጅ ሴት ልጄ የተዳረችበት ቤት ደረስን። ወንድሟን አንገቱን አንቃ አለቀሰች። ለሷ ክብር ብሎ ያመጣው ጣጣ መሆኑን ታውቃለች፤ ማንም ግን አልወቀሳትም። የግቢውን በር ዘጋችልን። ልጄ ጫማውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተኛ፤ ትንፋሹን ቁጭ ብዬ አዳመጥሁ።

ደርሰናል። ልጄ በሕይወት አለ። ደኅና ነን።