የማትሄደዋ ብስክሌት

መጀመሪያ የተሰማኝ ከታክሲ ስወርድ ነው። ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ቀጭ አለ። ወያላው «ማዘር፣ ፈጠን በሉ እንጂ!» ሲለኝ «ማዘርህን ቤትህ ፈልግ!» ብዬው እያነከስኩ ቤቴ ገባሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አቃቂ ክር ፋብሪካ ቆሜ የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ድካም መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ጉልበቴ አብጧል። አልታጠፍ አለ። ሽንት ቤት ለመቀመጥ አለቀስኩ። ለመነሳትም አለቀስኩ።

ጎረቤቱ ሁሉ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ መጣ። የሁሉም ቃል አንድ ነው፦ «እረፊ፣ ንቅንቅ እንዳትዪ!» እሺ ብዬ ተኛሁ። በተኛሁ ቁጥር ባሰብኝ። ሳሪስ ጨርቅ የምትሸጠው የወሎዋ ጓደኛዬ ዘሃራ ሱቋን እየዘጋች ትመጣልኝ ነበር። እናቷ ሲሞቱ ግን እኔ ለቅሶ አልደረስኩም። የሷን ብርቱካን እየላጥኩ ቤቴ ተቀመጥኩ። ከጉልበቴ በላይ ያ አመመኝ። «ለቅሶ እንኳ ሳልደርስ እዚሁ ተኝቼ ልሙት እንዴ?» እያልኩ ባለቤቴን ጌታቸውን አስጨነቅሁት።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ራጅ ተነሣሁ። ዶክተሯ ወጣት ናት።

«እናቴ፣ ይሄ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ሆኖ እንዳይፋጩ የሚያደርገው ካርቲሌጅ ሳስቷል። ከተኙ ጭራሽ ይደርቃል። ክብደት ሳይጭኑበት ያንቀሳቅሱት» አለችኝና ፊዚዮቴራፒ ላከችኝ።

እዚያ አንዲት ወለሉ ላይ የተተከለች ብስክሌት ላይ አወጡኝ። መጀመሪያ አመመኝ። በጣም። ላብ አጠመቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን እግሬ የሆነ ነገር ያስታወሰ መሰለኝ። ልጅ ሳለሁ የአባቴን ብስክሌት ሰርቄ፣ ኮርቻው ላይ ስለማልደርስ እግሬን በብረቱ ሥር አሾልኬ በጎን እነዳ ነበር! ሣቄ መጣ።

ችግሩ መመለሻው ነው። ሰልፍ፣ ግፊያ፣ ሁለት ታክሲ። የለሰለሰው ጉልበቴ ቤት እስክደርስ ተመልሶ ያብጣል። የማትሄድ ብስክሌት ላይ ለመቀመጥ ከቃሊቲ ሰፈሬ ተነሥቼ እጋፋለሁ! ይሄ ጤና ነው?

ዶክተሯን «የምትሄደዋስ አትሆንም?» አልኳት።

ሣቀች። «ለጥ ባለ መንገድ፣ ኮርቻውን ከፍ አድርገው ከሆነ ለምን አይሆንም? ዳገት ላይ ግን ይውረዱ።»

ጌታቸው ፈረቃ የሚገባባት ብስክሌት ነበረችው፤ ፋብሪካው ሰርቪስ ከጀመረ ወዲህ ዶሮ ያድርባታል። «በዚህ ዕድሜሽ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። «ሰው ያለውን ብሎ አስተኝቶኛል!» አልኩት። ሲያጉረመርም ቆይቶ የዶሮውን ኩስ ራሱ ፋቀ፣ ጎሚስታ ጋ ወስዶ ጎማዋን አስተካከለ፣ ከዚያ ከኋላዬ ኮርቻውን ይዞ እያለከለከ በሰፈሩ መንገድ ሲሮጥ ሕፃናቱ አጨበጨቡልን። እግሬን በብረቱ ላይ ማሻገር ስለሚያመኝ ብስክሌቷን አጋድሜ መውጣት ለመድኩ። ቀስ በቀስ ገበያውንም፣ እድሩንም፣ ፊዚዮቴራፒውንም በሷ አደረግሁት፤ ጭስ የለ፣ ግፊያ የለ፣ «ማዘር ፈጠን በሉ» የለ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ስሄድ ለካ ሰፈራችን ውስጥ ወፍ ይጮኻል፣ በማን ደጅ ምን እንደተተከለም ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ እሁድ ከኋላዬ ብርቱካን አስሬ ወደ ሳሪስ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ወርጄ ገፋሁ፤ ትእዛዝ ነው። ዘሃራ በሩን ከፍታ እኔን፣ ብስክሌቷን፣ ብርቱካኑን አየችና ደነገጠች።

«ውይ በሞትኩት! ደግሞ ማን ታመመ?»

«ማንም። ለእናትሽ ለቅሶ ነው የመጣሁት።»

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አለቀስን። ከዚያ «በብስክሌት ለቅሶ! እማዬ ብታይሽ በሣቅ ትሞት ነበር» አለችና ሆዳችንን ይዘን ሣቅን።

ጉልበታችሁን የታመማችሁ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ የኔ መድኃኒት ለሁሉም ላይሆን ይችላል። በሽታው አልጠፋም፤ ብርድ ሲሆን ዛሬም ያስታውሰኛል። ከተፈቀደላችሁ ግን አትተኙ፣ ሰውም አያስተኛችሁ። ዶክተሬንና ከኋላዬ የሮጠውን ጌታቸውን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዘሃራ አሁን ልትጠይቀኝ ስትመጣ አስቀድማ ትደውላለች። ቤት አልገኝማ!