ትሂድ ወይስ ትቅር

ልጅ ሳለሁ ቤታችን አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ አመሻሽ ላይ ምድጃውን ደጅ አውጥተን ከገደሉ በኩል የሚመጣውን ንፋስ እየጠበቅን እንቀመጣለን። ያኔ ባቡሩ ቆሟል፣ ሐዲድ ሲጠግን የኖረው አባቴም ሥራ ፈቷል። ፋኖሱን እግሩ ስር ያደርግና ተረት ይጀምራል፤ ከሰሉ ሲፈናጠር፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲለበልበን፣ ጅቡም ንጉሡም ብልጧ ሴትዮም በሱ አፍ ይመጣሉ። እናቴ ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተች ያሳደገችኝ እህቴ ማርታ ናት። ማርታ ቀን ቀን የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች የሚያድሩበት ሆቴል አንሶላ ታጥባለች፣ ማታ በቆሎ እየጠበሰችልን ተረቱን ትሰማለች።

የአባቴ ተረት አንድ ሕግ ነበረው። ጉራጌ አገር ሽማግሌ ሲፈርድ እያየ ያደገ ሰው ስለሆነ ተረቱን አይጨርሰውም፤ ነገሩ የሚከርበት ጋ ሲደርስ ያቆምና «ፍረዱ» ይለናል። መጀመሪያ የሚፈርደው ትንሹ ነው፣ ማለት እኔ። «ትልቅ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ምን ይላል? እንደ አህያ ራሱን መነቅነቅ ብቻ» ይላል። የተፈረደ ደግሞ አይታጠፍም። አንዴ ለጅቡ ፈርጄ ፍየሏን አስበላኋት፤ በነጋታው ባለቅስም «በላት፣ አለቀ» አለኝ።

እኛ ካቶሊክ ነን። ከከተማው ዳር ሲስተሮች የሚሠሩበት ትንሽ ክሊኒክ ነበር፣ ማርታ በዕረፍቷ ቀን እዚያ እየሄደች ታግዛለች። አንድ ቀን ተከትያት ሄድኩና የአንድ አፋር ሽማግሌ ቁስል ስታጥብ አየኋት። ሰውዬው በአፋርኛ የሆነ ነገር ይላታል፣ እሷ አይገባትም፣ ትስቃለች። ቤት እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ስንመለስ፦

«ማርታ፣ ሲስተር ልትሆኚ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ዝም በል። ገና ራሴን እየጠየቅኩ ነው» አለችኝ። ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ «ሆቴል ስሆን ልቤ እዚያ ነው። እዚያ ስሆን ግን የትም መሄድ አያምረኝም» አለች።

ያኔ አንድ ሹፌር ሽማግሌ ልኮባት እምቢ ብላ ነበር። አባቴ ኩራት መስሎት አኩርፏል።

ከዚያ አንድ ምሽት «ዛሬ እኔ ልተርት» አለች። አባቴ ሳቀ፣ ፋኖሱን ወደሷ ገፋላት።

«አንዲት ልጅ ወንዝ ዳር ትኖር ነበር» አለች። «ከወንዙ ማዶ በየቀኑ ስሟን የሚጠራ አለ፣ ከሷ በቀር ማንም አይሰማውም። አባቷ አርጅቷል፣ ወንድሟ ትንሽ ነው። ብትሻገር ቤቱ ይጎድላል፤ ብትቀር ጥሪው አይተዋትም። ትሂድ ወይስ ትቅር? ፍረዱ።»

ተራው የኔ ነበር። «ትቅር» አልኩ። አውቄ ነው፤ ተረት አለመሆኑን አውቄ። ምሳዬን ማን ይቋጥርልኛል፣ ደብተር ማን ይገዛልኛል ብዬ።

አባቴ ሳቀብኝ። «ይሄ ልጅ በሆዱ ነው የሚፈርደው! ትሂድ እንጂ! ሰው ስሙ ተጠርቶ አቤት ሳይል ይቀራል? ቤቱ እንደሆነ ይለምደዋል።»

ማርታ በቆሎውን አስቀመጠችና «አባባ፣ ልጅቷ እኔ ነኝ» አለች።

«ተረት ነው አላልሽም እንዴ!» ብሎ ተነሳ። ሦስት ቀን አላናገራትም። ግን ፍርዱን አላጠፈም፤ ማጠፍ አያውቅበትም።

ሆኖም ወዲያው አልሄደችም። ዓመት ቆየች፣ አንሶላዋን ማጠብ ቀጠለች። አባቴ ሐሳቧን ለወጠች ብሎ ተስፋ አደረገ፣ እኔም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወስጄ በጨረስኩ ሰሞን ግን ልብሷን በአንዲት ሻንጣ ከተተች።

ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ከሸዋ የመጡ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እነሱ ጋ የመነኮሰ ሰው ለዓለም ሞቷል ተብሎ ፍትሐት ይደገምለታል። ማርታ ልትመነኩስ ነው ሲባል ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሴቶች አስከትለው ለቅሶ ደረሱን። እኔን አቅፈው ሲያለቅሱ ጩኸቱን የሰሙት የወሎው ባለሱቅ ጋሽ ሰይድ ስኳር ይዘው ከተፍ አሉ።

«አላህ ያጽናችሁ። ማን ነው የሞተው?»

«ማርታ» አሏቸው ሴቶቹ።

«እንዴት ዋሉ ጋሽ ሰይድ?» አለች ማርታ ከበሩ ላይ። ስኳሩ ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር።

ይሄን ጊዜ ዓመት ሙሉ ነገሩን አንስቶ የማያውቀው አባቴ ብድግ አለ። «ልጄ አልሞተችም! ተጠርታ ነው የምትሄደው። ሂጂ ብዬ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ይልቅ መርቁልኝ!» እማማ ጥሩነሽ ደንግጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ እልል አሉ። በነጋታው በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች።

አሁን ሰመራ ነኝ፣ ሕንፃ ላይ አርማታ እሸከማለሁ። ትምህርት ዘጠነኛ ላይ የተውኩት ማንም ተው ብሎኝ አይደለም፤ አባቴ ሲደክም ሥራ ገባሁ፣ በዚያው ቀረሁ። ማርታ ቃል ኪዳኗን አድርጋ ሲስተር ሆናለች። ዓምና ወደ አሳይታ ስታልፍ ሰመራ ወርዳ ሥራ ቦታ ድረስ መጣች። የብሎኬት ክምር ጥላ ስር ተቀመጥን፣ የተሰነጣጠቀ እጄን ይዛ አገላብጣ አየችው። ያኔ ስንት ዓመት የደበቅኩትን አወጣሁት።

«ትቅር ያልኩት አንቺ መሆንሽን አውቄ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «አባባ ትሂድ አለ፣ አንተ ትቅር አልክ። ያንተም ፍርድ ነው። ለዚያ ነው ሚኒስትሪ እስክትወስድ የቆየሁት።»

እኔ ከሄደች ወዲህ ሲስተሮቹ ጠብቂ ያሏት መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ፎርማኑ ተጣራና ተነሳሁ።

የአባቴ ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። ባሬላ ይዤ ደረጃ ስወጣ፣ ሲደክመኝ፣ የማስበው ያንን ዓመት ነው። እሷ ጥሪዋን እየሰማች ያን ሁሉ ሌሊት እንዴት እንዳነጋችው እንጃ። እኔ አጠገቧ ጥግብ ብዬ እተኛ ነበር።