የአባቴ የታች ጥርስ

አባቴ የታች ጥርሶቹን ያጣው አዲሱ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ታናሽ ወንድሜን ለውትድርና አፍሰው ጭነት መኪና ላይ አወጡት። አባቴ ሮጦ ደረሰና የመኪናውን የኋላ በር በሁለት እጁ ያዘ። ልቀቅ ቢሉት አልለቀቀም። ከላይ የቆመው ወታደር በጠመንጃው ሰደፍ አገጩን መታውና መኪናው ሄደ። አባቴ አፉን በጋቢው ይዞ ሽሮ ሜዳ ድረስ በእግሩ መጣ። ለእናቴ የነገራት የልጁን መወሰድ ብቻ ነው። የጋቢውን ደም ስታይ ነው የጮኸችው።

እኔ ያን ጊዜ በአንድ ሆስፒታል የጥርስ ክፍል ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራ ነበር። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። ሐኪሙ የበሽተኛውን አፍ ልክ ወስዶ ይሰጠናል። እኛ ጀሶ እንሞላበታለን፣ በሰም ቅርጹን እናወጣለን፣ ከዚያ ሮዝ የፕላስቲክ ዱቄት አብሮት በሚመጣው ፈሳሽ አቡክተን በፈላ ውኃ ውስጥ እናበስለዋለን። ሲወጣ ድድ የመሰለ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ አንዳንድ ጊዜ ለወራት ይጠፋል፤ ሲገኝም በማንኪያ እየተለካ ነው የሚሰጠን።

የአባቴ የተሰበረ መንጋጋ ለስድስት ሳምንት ታሰረ። በአጥሚት ብቻ ቆየ። ሲፈታ ከታች የቀሩት ሦስት ጥርሶች ነበሩ፤ ሁለቱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። የላዮቹ ሙሉ ነበሩ። ሰዎች «እንኳን የላዩ ተረፈለት» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን የላዩን ነበር የፈራሁት። የራስ ጥርስ ከላይ፣ ፕላስቲክ ከታች ሆነው ሲጋጠሙ የሚሰበረው ፕላስቲኩ እንደሆነ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ አየው ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነው። ቤታችን ውስጥ ሁለት የሽመና ጉድጓድ ጎን ለጎን ነበር፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የወንድሜ። ከዚያ ቀን በኋላ የራሱ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ይቀመጥና መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይውላል። አይሠራም። እናቴ እንጀራ በወጥ አርሳ እንደ ሕፃን ታቀርብለታለች፤ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተዋል። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት፤ ከወር በኋላ ደግሞ ሌላ።

«አባትሽ ጥርስ አጥቶ አይደለም የማይበላው» አለችኝ እናቴ አንድ ቀን።

«ጥርሱን ልሥራለትና እናያለን» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ወንድሜን ከጦር ሜዳ ማምጣት አልችልም። የምችለው ይህንን ነው።

የመጀመሪያውን ሠራሁለት። በሦስተኛው ቀን ደረቅ ዳቦ ሲበላበት መሐል ለመሐል ተሰበረ። አባቴ ለሁለት የተከፈለውን በመሐረብ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ያጠፋው እሱ መስሎት። ስብራቱን በአጉሊ መነጽር አየሁት። ውስጡ እንደ መርፌ ጫፍ ባሉ አረፋዎች ተሞልቷል። ዱቄቱን ውኃው ቶሎ እንዲፈላ አድርጌ ነበር ያበሰልኩት፤ ቸኩዬ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሁለተኛውን በትዕግሥት አበሰልኩት፣ ወፈርም አደረግሁት። አረፋ አልነበረውም። ግን ድዱን አቆሰለው፤ አባቴ ደግሞ ሳይነግረኝ ቻለው። በሁለተኛው ሳምንት እዚያው መሐሉ ላይ ተሰበረ።

እናቴ ከአንገቷ ያወረደችውን የብር ሐብል ይዛ መጣች። «በዚህ ሥሪለት፣ ማዕድን ነው አይሰበርም» አለችኝ። ብር ለስላሳ እንደሆነ፣ በማኘክ ብዛት እንደሚጣመም ነገርኳት። ሐብሉን እጇ ውስጥ ጨብጣ ቆመች። ከዚያ መልሳ አጠለቀችው።

አለቃዬ ብዙ ዓመት የሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለቱን ስብራት ጎን ለጎን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ፕላስቲኩን አትርገሚው» አሉኝ። «ሁለቴ አንድ ቦታ ላይ ከተሰበረ ጥፋቱ የዕቃው ብቻ አይደለም። ሸክሙ የት እንደሚያርፍ አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። አባቴን አምጥቼ የተሰበረውን አጣብቄ አስገባሁለት፤ የጽሕፈት መኪና ካርቦን ወረቀት በላይና በታች ጥርሶቹ መሐል አደረግሁና «ይንከሱ» አልኩት። ነከሰ። በግራ በኩል ምንም ምልክት የለም። ጥቁሩ ሁሉ ቀኝ ላይ ነው፤ አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ። መንጋጋው ጠሞ ነበር የገጠመው። አፉን በገጠመ ቁጥር ቀኙ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሚያኝከው ሁሉ እዚያ ብቻ ያርፍና ፕላስቲኩን ከመሐሉ ያጥፈዋል።

«አባባ፣ የመታዎት በየት በኩል ነው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚያ ነገር ጠይቄው አላውቅም።

«ከግራ» አለኝ። ከዚያ ቀጠለ። «ሰደፉ ሲመጣ አይቼዋለሁ። እጄን ብለቅ ኖሮ አይመታኝም ነበር። ወንድምሽ ‹አባባ ይልቀቁ! ይልቀቁ!› እያለ ይለምነኛል። እሱ ነው የለመነኝ። እኔ ግን አልሰማሁትም። ያየው የመጨረሻ ነገር የእኔን አፍ ነው፣ እንደዚያ ሆኖ።»

ካርቦን ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። አለቃዬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ለሦስተኛው ጥርስ ብለው አለቃዬ በአንዲት ቆርቆሮ ያጠራቀሙትን የብረት ቁርጥራጭ አወጡ፤ ከአሮጌ ጥርሶች የተረፈ፣ የማይዝግ። አቅልጠው ጥርሶቹ የሚቀመጡበት ቀጭን ማዕቀፍ ሠሩልኝ፤ በሦስቱ ጥርሶች ላይ በመንጠቆ የሚያዝ። ቀኙን እየሞረድኩ ሁለቱ ጎኖች አብረው እንዲገጥሙ አደረግሁ። አባቴ በላ። ቆሎ እንኳ በላ። እናቴ ከጓዳ ሆና የመቆርጠሙን ድምፅ ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በዚያው ሰሞን ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ደህና ነኝ፣ አታስቡ የሚል። አባቴ ድር ዘረጋ።

አራት ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሆስፒታል ድረስ መጥቶ «ልጄ፣ አንድ ነገር እይልኝ» አለኝ። ብረቱ አንድ ጭረት እንኳ የለውም። የግራዎቹን ጥርሶች በጣቴ ስነካቸው ግን ሁለቱም ተነቃነቁ። ብረቱ ስለማይታጠፍ የተሸከመውን ሁሉ ወደተያዘበት ጥርስ ነበር የሚያስተላልፈው። እኔ የማይሰበር ነገር ስፈልግ የቀሩትን የራሱን ጥርሶች እየነቀልኩበት ነበር። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞሬ ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ሳለቅስ እንዳይሰማኝ።

እሱ ግን ከኋላዬ መጥቶ ቧንቧውን ዘጋው። «ይነቀሉ» አለ። «ሁሉንም አውጡና አዲስ ሥሪልኝ። ወንድምሽ ሲመጣ ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ መብላት አለብኝ። ከስቼ ሲያየኝ እንዳይደነግጥ።»

ሦስቱም ተነቀሉ። ድዱ እስኪጠግ ጠብቄ ሙሉ የታች ጥርስ ከፕላስቲክ ሠራሁለት። ምንም የሚይዘው ስለሌለ ድዱ ላይ ይንሸራተታል፤ ጠንክሮ ሲነክስ ይነሳል። ስለዚህ አባቴ ቀስ ማለትን ተማረ፤ ትንሽ ቆርሶ፣ በግራም በቀኝም እኩል ከፍሎ ማኘክ። አንድ ቁራሽ ዳቦ ለመጨረስ ሰዓት ይፈጅበታል። ቆሎ ዳግመኛ አልበላም። ግን ጥርሱ አልተሰበረም፣ እሱም በየቀኑ በላ፤ ሳይርበው፣ እንደ ሥራ። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። በየሳምንቱ ቀበሌ ሄዶ ይጠይቃል፤ «መረጃ የለንም» ይሉታል፤ ይመለስና ምሳውን ይበላል።

ሁለት ዓመት እንደዚህ ኖሮ በሳንባ ምች በሦስት ቀን ውስጥ ሞተ። ሊገንዙት የመጡት የሰፈራችን ሽማግሌ በሩ ላይ ወጥተው «ጥርሱ ይውጣ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ከውስጥ «ተዉለት፣ የራሱ ነው» አለች።

በዓመቱ መንግሥት ተለወጠ፤ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ እየጎረፈ መጣ። እናቴና እኔ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ አዲሱ ገበያ ወርደን ከሰሜን የሚገባውን ሁሉ ፊት ፊቱን አየን፤ አንዳንዱንም አስቁመን ጠየቅን። ወንድሜን አየሁት ያለን ሰው አላገኘንም።